ከቢሾፍቱ እስከ ኮሶበር፦ የአሥር ቀን የፈረስ ሕክምና ማስታወሻ

ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ፤ ቢሾፍቱ

ሩቅ መንገድ ስወጣ መጀመሪያ ደጄ ያሉትን ፈረሶች አይቼ መሄድ ልማዴ ነው። ዛሬም ማልጄ ጋሪ ተራ ወረድኩ። አባቴ በዚህች ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ ነድቷል። እኔ ቀለም ቆጥሬ የእንስሳት ሐኪም የሆንኩት በፈረስ ላብ ነውና ያንን ውለታ የረሳሁበት ቀን የለም።

ከተራው መጨረሻ አንድ ዳማ ፈረስ ጋሪ ተጭኖበት ቆሟል። የቀኝ የፊት እግሩን መሬት ላይ አጥብቆ አይረግጥም። ጠጋ ብዬ ጎንበስ ስል ከእግሩ ውስጠኛ ክፍል ተነስቶ ወደ ደረቱ የሚወጣ እባጭ አየሁ። እንደ መቁጠሪያ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ተደርድሯል። ሁለቱ ፈንድተው ወፍራም መግል ያዣሉ፤ ዝንቡ ወርሯቸዋል።

«ትንሽ ቁስል ናት ዶክተር፣ በጨው አጥቤለታለሁ» አለኝ ባለጋሪው።

ቁስል አይደለም። ባለጋሪዎች ንድፊት የሚሉት፣ በኦሮምኛ ቢቼ የሚባለው በሽታ ነው። የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ገመድና ጠፍር በላጠው ቆዳ ይገባል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይዛመታል፣ ከዚያ በቆዳ ሥር ያለውን የሊምፍ ቧንቧ ተከትሎ እንደ ሐረግ ይሄዳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለው ወይና ደጋ ይስማማዋል። ጋሪ የሚበዛባቸው ከተሞቻችን አብዛኞቹ ያረፉት ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ጊዜው ሳያልፍ ከተደረሰበት እባጩን ከፍቶ በአዮዲን ማጠብ፣ በአፍ የሚሰጥ የአዮዲን ጨው ለሳምንታት መቀጠል ያድነዋል። ሥራ ግን ማቆም አለበት።

«ስንት ቀን ይቁም?»

«ቢያንስ አንድ ወር።»

«እሱ አንድ ወር ከቆመ ቤቴም አንድ ወር ይቆማል።»

አልተቆጣም፣ አልለመነኝምም፤ ያለውን ነገረኝ። ከጋሪው ፈትተን ወደ ክሊኒክ ወሰድነው። ቢሾፍቱ ዕድለኛ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚህ አለ፣ የጋሪ ፈረስና አህያ የሚያክሙ ግብረ ሠናይ ድርጅቶችም እዚሁ ይሠራሉ። የፈረስ ወረርሽኝ የሚባለው ገዳይ በሽታ ክትባት የሚመረትበት ብሔራዊ ተቋምም የዚችው ከተማ ነው። ክትባቱን ከውጭ አንለምንም፤ እኛው እንሠራዋለን።

የዘንድሮው ጉዞዬ ምክንያትም ይኼ ነው። በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ አለ። ብዙው ያለው ከአስፋልት ርቆ፣ ደጋ ላይ ነው። እዚህ የሚሠራው ብልቃጥ እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያጋጥመው በዓይኔ ማየት ፈለግኩ። መድረሻዬን አዊ ያደረግኩት ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ስለሆነና በዚያ ሰሞን ፈረስ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ስለሚሰበሰብ ነው።

ክትባት ግን አልያዝንም። በብልቃጡ ውስጥ ያለው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። የተከተበ ፈረስ ሁለት ሳምንት ያህል ከከባድ ሥራ ማረፍ አለበት፤ በዓሉ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ተከትቦ በነጋታው የሚጋለብ ፈረስ ከማይከተበው አይሻልም። ስለዚህ የጫንነው የቁስል መድኃኒት፣ የትል መድኃኒት፣ የሆድ ቁርጠት መድኃኒትና ቱቦ፣ የሰኮና ቢላዋ፣ ሞረድ፣ እንዲሁም አንድ ኩንታል አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። የብርድ ልብሱን ነገር ወደ በኋላ እጽፈዋለሁ።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፤ ደብረ ማርቆስ

አራት ነን። እኔ፣ በቅርቡ የተመረቀች ባልደረባዬ፣ ሾፌራችንና አውንጊ የሚናገር የአዊ ተወላጅ የሆነ የእንስሳት ጤና ረዳት። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ቁርስ በልተን ዓባይ በረሃ ወረድን። ሽቅቡ ላይ ደጀን እስክንደርስ አንድም ፈረስ አላየሁም፤ አህያና በቅሎ ነው ያለው። ቆላ ለፈረስ አይሆንም። ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ የፈረስ ወረርሽኙን ቫይረስ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የምታደርሰው ቁንጥር የምታህል ተናካሽ ነፍሳት ሙቀትና እርጥበት ትወዳለች። አህያን ስትነክስ አህያው ብዙም ሳይታመም በሽታውን ይዞት ይቆያል። ፈረሱ ላይ ስታርፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥር 17፣ እሑድ፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ኮሶበር

ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ጋሪዎች ተሰልፈው አገኘንና ወረድን። ሰንበት ቢሆንም ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ባልደረባዬ ሳትቸኩል አንገታቸውን እያሻሸች የአንዱን ፈረስ ከንፈር ገለጥ አደረገችና ዝም ብላ ጠራችኝ። ልጓሙ ከግንባታ የተረፈ ባለ ጥርስ ፌሮ ነው። በመዶሻ ተቀጥቅጦ ጫፎቹ ቀለበት ተደርገዋል። የከንፈሩ ማዕዘን በሁለቱም በኩል ተሰንጥቆ ሽሮ፣ ደግሞ ተሰንጥቆ፣ ጠባሳው እንደ ቆዳ ጫማ ጠንክሯል። ምላሱ ላይ በአግድም የተቆረጠ መስመር አለ። ክሳቱን አይቼ ምክንያቱን ስፈልግ ነበርና እዚህ ተገኘ፦ ሳር ማላመጥ ያመዋል።

ባለቤቱ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። «ካልጠበቀ አይቆምልኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ባጃጅና አይሱዙ በሚሽቀዳደሙበት መንገድ ላይ የማይቆም ፈረስ ሰው ይገድላል። አፉ የደነዘዘ ፈረስ ግን እያደር ለመቆም የባሰ መሳብ ይፈልጋል። ፌሮውን በቆዳ ጠፍር ጠቅልለን በሰም ስናለሰልሰው ልጁ ቆሞ አየን። ከዚያ በራሱ እጅ መልሶ አስገባው። ፈረሱ እንደ ወትሮው አንገቱን ወደ ላይ ሳይሰቅል ልጓሙን ተቀበለ። ልጁ «አሃ» ብሎ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ልጓም ጠቅልለን ነው የሄድነው።

ቡሬን አልፈን ጥሊሊ ላይ ቡና ጠጥተን ማምሻውን እንጅባራ፣ ነባሩ ሰው ኮሶበር የሚላት ከተማ፣ ገባን። ብርዱ ሌላ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚሉት የግራር ዘር እንደ ጫካ ቆሟል፤ ለከሰል ይተከላል። አሲዳማው አፈር እህል አልሰጥ ሲል ዛፉ ለገበሬው ገንዘብ ሆኖለታል። በዚያው ልክ ግን የግጦሽ መሬት እየጠበበ ነው። ረዳታችን በመስኮት እያሳየኝ «እዚህ ጋ ልጅ ሆኜ ፈረስ አግድ ነበር» ይላል፤ የሚያሳየኝ ሁሉ ዛፍ ነው።

ጥር 18፣ ሰኞ፤ የሰባር ጊዮርጊስ ዕለት

መኪናው የሚደርሰው ወንዙ ድረስ ነው። ከዚያ ሳጥኑን በሁለት ፈረስ ጭነን አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። በዓል ስለሆነ ሥራ የለም፣ እርሻም ጭነትም የለም። የገጠር ሐኪም ካሌንደር ላይ ምርጡ ቀን በዓል ነው። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለእንስሳውም ዕረፍት ስለሆነ ባለቤቱ «ዛሬ ሥራ አለብኝ» አይልም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ አንድ ትልቅ ኮሶ ዛፍ ሥር ተደራጀን። ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ወደኛ መጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሃምሳ ሦስት ፈረስና ዘጠኝ በቅሎ አየን።

የብርድ ልብሱ ነገር እዚህ ላይ ነው። ካየናቸው ፈረሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጀርባቸው ቆስሏል። በሽታ አላመጣውም። ኮርቻው አጥንቱ ላይ ስላረፈ ነው። አንዲት እናት ድንች ወደ ገበያ የምታመላልስባትን ባዝራ ይዛ መጣች። ጭነቱ የታሰረው በናይለን ገመድ ነው። ናይለኑ ከሆዷ ሥር ገብቶ ቆዳውን ከፍሎታል፣ ጀርባዋ ላይ ደግሞ መዳፌን የሚያህል ቁስል አለ። ስነካት ጀርባዋን ወደ መሬት ሰበር አደረገች።

«እናቴ፣ መድኃኒቱን ባደርግላትና ነገ እንደዚሁ ቢጫንባት ገንዘብዎን ወንዝ መጣል ነው» አልኳት።

«ታዲያ ልጄ ድንቹን ማን ይሸከመው? እኔ?»

መልስ የለኝም። ቁስሉን ፈልቶ በበረደ ጨው ውኃ አጥበን፣ የሞተውን ቆዳ ቆርጠን፣ ቀባንለት። ከዚያ ባልደረባዬ አሮጌውን ብርድ ልብስ መሬት ላይ ዘርግታ ሁለት ጥቅልል አበጀች፤ እንደ እንጀራ ጠቅልላ፣ እንደ ክንድ አወፈረቻቸው። ሁለቱን ጥቅልሎች በጀርባ አጥንቷ ግራና ቀኝ አስተኝታ መሐሉን ባዶ ተወችው። ክብደቱ ሥጋው ላይ ያርፋል፣ አጥንቱ ነፋስ ያገኛል። ጭነቱ ሲቀመጥ እጄን ከመሐሉ አስገብቼ ለሴትዮዋ አሳየኋት፣ እሷም የራሷን እጅ አስገባች። ክንዷ እስከ ክርኗ አለፈ። በናይለኑ ፋንታ ሰፊ መቀነት የመሰለ ማሰሪያ ከዚያው ብርድ ልብስ ቆርጠን ሰጠናት።

በቤታቸው ዝተት የሌለው ሰው የለም። ከከተማ ብርድ ልብስ ማምጣቱ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ብርድ ልብሱ ሲያልቅ አንድ ጎልማሳ ቤቱ ሮጦ የተቀደደ ዝተት አመጣና እኛን ሳይጠይቅ ራሱ ጠቀለለው። ከእኛ የበለጠ አስተካከለው። ያን ቀን ከሠራነው ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ትናንት ከጥዋት እስከ ማታ አንድ ሽማግሌ ፈረስ ሳይዙ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ውለዋል። አንድም ነገር አልጠየቁንም። ስንጨርስ «ነገ ከእኔ ቤት ቡና ጠጡ» ብለው ሄዱ። ዛሬ ሄድን።

ቤታቸው እንደገባሁ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። ግላስ፣ እርካብ፣ በቀይና በቢጫ ክር ያጌጠ ልጓም፤ ሁሉም ተወልውሎ ተሰቅሏል። ከበሩ በስተግራ የፈረስ ማሰሪያ ጋጣ አለ። ባዶ ነው፤ ተጠርጓል።

«ድንጉላ ነበር። ነጭ። ሰጋር ነው፣ በእጄ ብርሌ ይዤ ብጋልበው ጠጁ አይፈስም» አሉ።

ጥቅምት ላይ ነው የሞተው። ማታ ደህና ገብቶ ጥዋት ገብሱን አልቀመሰም። እኩለ ቀን ላይ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አበጠ። ትንፋሹ አጠረ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው አየሩን ይዘው የፈረሱን አፍንጫ ሲያሳዩኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። «እንደ ጌሾ ጠላ ነው አረፋው። ነጭ አረፋ። ብጠርገው ይመጣል፣ ብጠርገው ይመጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደቀ።» በዚያ ወር በመንደሩ ስድስት ፈረስ ሞቷል።

የፈረስ ወረርሽኝ ነው። ሳንባ ላይ ሲወጣ ከመቶ ዘጠና አምስት ድረስ ይገድላል፤ ከያዘው በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ያለው መከላከል ብቻ ነው፦ ክረምቱ ሳይገባ መከተብ፣ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ፈረሱን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት አስገብቶ ረፈድ ሲል ማውጣት። ያቺ ነፍሳት የምትናከሰው በጨለማና በድንግዝግዝ ነውና። ሽማግሌው ይህንን ሲሰሙ ቀና አሉ። «እኔ ሳሩ ጤዛ እንዳለው ይብላ ብዬ በሌሊት ነበር የማወጣው» አሉ። ይህንን በመናገሬ ለቀሪው ሰዓት ስቆጭ ቆየሁ፤ ሆኖም ለሚቀጥለው ፈረስ መነገር አለበት።

ከዚያ የጠየቁኝን ቃል በቃል ጻፍኩት፦ «መርፌው አዲስ አበባ አጠገብ ይሠራል አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባቴ።»

«እና ምን ያዘው?»

ምን እንደያዘው ማታ የሰማሁት ከአንድ የአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። የወረዳውን ስም አልጽፍም። ክትባቱ ተጠይቆ ነበር። ሲመጣ ማስቀመጫው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሁለት ወር ሆኖታል። ጥገናው በየትኛው በጀት እንደሚሠራ ደብዳቤ ሲመላለስ ክረምቱ ገባ። ባለሙያው አንድ ሞተር ሳይክል አለው፣ ነዳጅ የለውም። ብልቃጡ ደግሞ አንዴ ከተበጠበጠ ወዲያው ማለቅ አለበት፤ ስለዚህ ፈረሶቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ካልተሰበሰቡ ለሦስት ፈረስ ተከፍቶ የቀረው ይደፋል። ስንት ፈረስ የት እንዳለ የሚያውቅ መዝገብ ከሌለ መሰብሰብም አይቻልም። ከቢሾፍቱ እስከ ወረዳው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያ ሁሉ መንገድ አልከበደም። የከበደው ከወረዳው ወዲህ ያለው ነው።

ባለሙያው ወጣት ነው። ሲነግረኝ ዓይኑን አላነሳም። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ብነግረውም የሞቱትን ስድስቱንም በቀለማቸው እየቆጠረ ነገረኝ።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ቀኑን ሌላ ጎጥ ስንሠራ ዋልን። ሰኮና ሞረድን፣ የትል መድኃኒት ሰጠን። ይህን ሁሉ ማታ የሆነው አስረሳኝ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት የሽማግሌው የልጅ ልጅ እያለከለከ በሩን መታ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። የአያቱ ፈረስ ከሞተ ወዲህ የአጎቱን ቦራ ፈረስ እሱ ነው የሚያግደው። «ቦራ ሊሞት ነው» አለ።

በባትሪ ሮጥን። ፈረሱ በላብ ርሷል፤ ሆዱን ዞሮ ያያል፣ መሬቱን በእግሩ ይጭራል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። የልብ ምቱን ቆጠርኩ፤ በደቂቃ 68። ጤነኛ ፈረስ ሲያርፍ ከ28 እስከ 44 ነው። ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጠፍኩ። የጤነኛ ፈረስ ሆድ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይንጎራጎራል። በግራም በቀኝም ምንም የለም።

«ምን በላ?»

አጎትየው ዝም አለ። ልጁ ተናገረ፦ «ገብስ። ለበዓሉ እንዲያምር።» ቁና ሙሉ ገብስ፣ በአንድ ጊዜ፣ ያውም ደረቁን። በፍቅር የተሰጠ ነው። ፈረስ ግን ማስመለስ አይችልም፤ ጨጓራው የያዘውን ወይ ወደ ታች ያሳልፋል ወይ ይፈነዳል።

የሕመም ማስታገሻ ወጋሁት። ቱቦውን በዘይት አርሼ ከአፍንጫው ቀስ እያልኩ ወደ ጉሮሮው ገፋሁ። ባልደረባዬ የቱቦውን አፍ ይዛለች። ጨጓራው ስንደርስ እርሾ እርሾ የሚል ጋዝ እንፍ ብሎ ወጣ። ለብ ያለ ውኃ እያስገባን፣ እያስወጣን፣ እያስገባን፣ እያስወጣን፣ ገብሱ እየተጠቀለለ መጣ። በመጨረሻ የፓራፊን ዘይት ሰጠነው። ከዚያ መጠበቅ። ልጁ ገመዱን ይዞ ግቢውን ሲያዞረው፣ ሲያዞረው ስምንት ሰዓት ሆነ።

አሥር ሰዓት ገደማ ደግሜ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አንድ ጊዜ፣ በጣም ከሩቅ፣ ኩርር አለ። ልጁን ጠርቼ የእሱን ጆሮ ለጠፍኩለት። ሲሰማው ዓይኑን ጨፈነ።

ጥር 21፣ ኀሙስ፤ አስተርእዮ ማርያም

ሲነጋ ልጁ በሁለት መዳፉ የሚያንጸባርቅ፣ ዘይት የጠጣ የፈረስ ፋንድያ ይዞ መጣ። እንደ ጠበል ነው የያዘው።

ፈረሱ ገና አልዳነም። ብዙ ገብስ የበላ ፈረስ ሆዱ ቢተርፍ እንኳ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሰኮናው ውስጥ ብግነት ይመጣና ለዕድሜ ልክ ያነክሳል። ከሚከላከሉት ነገሮች አንዱ ብርድ ነው። እዚህ መንደር በረዶ የሚሠራ ማሽን ባይኖርም የአዊ ወንዝ አለ። ልጁ ፈረሱን ወንዙ ውስጥ አቆመው። የማርያም በዓል ነው፣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሲመለስ ድልድዩ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። እናቱ ምሳውን እዚያው አመጣችለት። እየወጣ ሳር ያበላዋል፣ ደግሞ ይመልሰዋል። ማታ እግሩን ዳሰስኩ፤ አራቱም ሰኮና ቀዝቃዛ ናቸው።

ጥር 22፣ ዓርብ፤ ኮሶበር

ከየአቅጣጫው ፈረስ ይገባል። ከተማው ዳር ቆመን የሚነክስ ማሰሪያ ስናይ አስቆምን፣ ወደ መንጋው የሚገባ ጉሮሮው ያበጠ ፈረስ ስናገኝ ደግሞ ለይተን መለስን፤ መንጋ በሚሰበሰብበት ቦታ አንዱ ብዙውን ይበክላልና። ሁለት ባለቤቶች ተቆጡን፣ አንዱ አመሰገነን። ማታ ደክሞኝ ብዙ አልጽፍም።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዘንድሮ ሰማንያ ዓመት ሞላው። ቀኑ የጊዮርጊስ ነው፤ የአድዋ ድልም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነበር። በዓሉ በአድዋ ዘመቻ ላይ ለዋሉት ፈረሰኞችና ፈረሶች መታሰቢያ ነው። ለፈረስ መታሰቢያ የሚያቆም ሕዝብ መሐል ቆሜ ሥራዬን ወደድኩት። ሜዳው በግላስ ቀይና ወርቃማ ተሸፍኗል። ሽምጥ ሲጋልቡ መሬቱ በጫማዬ በኩል ይሰማኛል። ንጉሡ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ የኖሩት ለምን እንደሆነ እዚህ ቆሞ ላየ ማብራሪያ አያሻውም።

ሽማግሌውን ከሕዝቡ መሐል አገኘኋቸው። በእግራቸው ነው የመጡት። ያንን ያጌጠ ልጓም በትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳይነቅሉ፤ «ለአድዋ ግን አድርሶም ተዋግቷል።»

ቦራ አልተጋለበም። ልጁ ያለ ኮርቻ፣ ግላስ ብቻ አልብሶ፣ በገመድ እየሳበ ሜዳው ዳር አቆመው። አላነከሰም።

ከሦስት ቀን በፊት ለልጁ አንድ ሥራ ሰጥቼው ነበር። በመንደሩ ስንት ፈረስ እንዳለ ቆጥሮ ይጻፍልኝ ብዬ። ያ ወጣት ባለሙያ መዝገብ ከጎደለው አንዱ ቀዳዳ በዚህ ይደፈን ብዬ ነው። ሕዝቡ ሲበተን መጥቶ ከደብተር የተቀደደ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ።

ጥር 24፣ እሑድ፤ ወደ ቤት

ደጀን ላይ ሻይ እስኪፈላ ወረቀቱን ዘርግቼ አነበብኩት። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ጽሕፈት ነው፣ በእርሳስ። የባለቤቶቹን ስም አልጻፈም፤ በፈረሶቹ ነው የቆጠረው። «1. ዳማ፣ ወንዝ ማዶ። 2. ባዝራ፣ ድንች የምትሸከመው። 3. ቡላ፣ ይራገጣል።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሥራ ሰባተኛው ላይ ቦራ አለ፤ ጎኑ «ድኗል» ብሎ ጽፎበታል።

ለወጣቱ ባለሙያ ከማርቆስ ደውዬለታለሁ። ግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ቀን ቆርጠናል። ማቀዝቀዣው ቢጠገንም ባይጠገንም እኔ በበረዶ ሳጥን ይዤ እመጣለሁ፤ እሱ ደግሞ በዚህ ዝርዝር ፈረሶቹን ኮሶ ዛፉ ሥር ይሰበስባል። ስንት መጠን እንደምጠይቅ ለማወቅ የመጨረሻውን ቁጥር አየሁ፤ 43 ይላል። አጠገቡ ያለውን ግን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረብኝ።

«43. የአያቴ። ገና አልተገዛም።»

ለ43 ጻፍኩ።